ከቤት የማይወጣው ማስመሪያ

አባ ጨምር ይሏቸዋል። እናትና አባት ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን በማቅለጫ ሰፈር ውስጥ ያንን ስም የሚያስታውስ ከልጃቸው በቀር አንድ ሰው ቢገኝ ይገርመኛል። ቅጽል ስሙ የተለጠፈባቸው በሥራቸው ምክንያት ነው። ገና ጉልበታቸው ባልደከመበት ጊዜ፣ ሰው የተሰበረ ዕቃ ይዞ እየመጣ «ልክ ይህንኑ የሚያህል ሞዴል ቅረጽልኝ» ሲላቸው፣ «ይህንኑማ የሚያህል ከሆነ ጉድ ትሆናለህ፤ ጨምር!» ይሉት ነበር። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። በአንድ ሜትር ላይ የትንሽ ጣት ስፋት ያህል ይሰበሰባል። ስለዚህ አሸዋው ላይ ታትሞ የብረቱን መፍሰሻ የሚያበጀው የእንጨት ሞዴል ከሚፈለገው ዕቃ ትንሽ ተለቅ ማለት አለበት። አባ ጨምር ይህችን ጭማሪ እንደ ዓይናቸው ብሌን ሲጠብቁ አረጁ።

ሰፈሩ አንድ ረጅም፣ ጥላሸት የጠገበ መንገድ ነው። በግራና በቀኝ የቆርቆሮ ማቅለጫ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ አንዱ ቢነቀል ሁሉም የሚወድቁ ይመስላል። በየደጁ የተሰነጠቀ ቧንቧ፣ የሞተር ቁራጭ፣ እግሩ የጎደለ ምድጃ ተከምሯል። አንድ ሰው በመዶሻ ሲሰብረው ይውላል፣ ሌላው አሸዋ ሲነፋ ይውላል፣ ሦስተኛው ሁለቱን ሲያርም ይውላል። የድንጋይ ከሰል ስለተወደደ ምድጃ የሚነደው በተራ ነው። ተራው የደረሰው ሰው ምድጃውን ሲያነድ ጎረቤቱ በሙሉ የአሸዋ ሳጥኑን ተሸክሞ ወደዚያ ግቢ ይጎርፋል፤ ብረቱ በጭልፋ እየተቀዳ ከሳጥን ሳጥን ይፈሳል። የዚያን ቀን ግቢው ሠርግ ቤት ነው። ቀልዱ፣ ሐሜቱ፣ ስድቡ ሁሉ ከብረቱ ጋር አብሮ ይቀልጣል።

ታዲያ ይህ ሰፈር ከጊዜ በኋላ ብልጥ ሆነ፤ ብልጥነቱም ገደል ከተተው። «ዕቃው ራሱ እያለ ለእንጨት ሞዴል ምን አደከመን?» አሉና፣ ከሱቅ የተገዛውን የብረት ዕቃ በቀጥታ አሸዋ ላይ እያተሙ መቅዳት ጀመሩ። የተቀዳው ከዋናው በጥቂቱ አነሰ። ጎረቤት ደግሞ ከተቀዳው ላይ ቀዳ፤ የጎረቤቱ ጎረቤትም ከእሱ። ልጅ ከአባቱ፣ የልጅ ልጅም ከልጁ እያነሰ የሚወለድበት ጉደኛ ዘር በመንገዱ ተራባ። ክዳኑ አፉን መሸፈን አቃተው፤ የመንኮራኩሩ ጥርስ ከጥርስ ጋር መናከስ ተሳነው። ደንበኛ መጀመሪያ ተሳደበ፤ ከዚያ የውሃ ሽታ ሆነ። አባ ጨምር በየበሩ እየቆሙ «ጨምሩ እንጂ እናንተ ሰዎች!» ብለው ሲጮኹ፣ «ምን እንጨምር አባ፣ ስኳር?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ሳቁ አሁን የለም። ከቤቶቹ ግማሹ ተዘግቷል፤ ምድጃውም ተራ የሚጠብቅለት አጥቶ ብዙውን ጊዜ ቀዝቅዞ ይውላል።

አባ ጨምር የሚኖሩት ከመንገዱ ጫፍ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። የፊተኛው ሥራ ቤት ነው፤ በመስኮቱ ሥር ወፍራም የሥራ ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ላይ እንደየመጠናቸው የተሰለፉ መሮዎች፣ በጣሪያው አግዳሚ ላይ ደግሞ ባለቤት ያጡ የድሮ ሞዴሎች። የኋለኛው መኝታ ነው፤ በመጋረጃ ተከፍሎ አንዱ ወገን ለእሳቸው፣ ሌላው ለልጃቸውና ለባሏ።

ሚስታቸው ልጅቷ ገና የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ነው ጥላቸው የሄደችው። እሳቸውም ሌላ አላገቡም። ለምን ሲባሉ «የምታገባኝ ሴት ፍቅፋቂ ስትጠርግ መኖር አለባት፤ ማንን ልበድል?» ይሉ ነበር። ልጅቷ ያደገችው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ነው፤ ከመላጊያው አፍ እየተጠቀለለ የሚወድቀውን ስስ የእንጨት ፍቅፋቂ እንደ ቀለበት በጣቷ እያጠለቀች። ከፍ ስትል ሙጫ አፍይ፣ ብርጭቆ ወረቀት አሺ ሆነች። ደርሳ ስታገባም ሩቅ አልሄደችም፤ ያገባችው ከዚያው ከመንገዱ ላይ አንዱን አሸዋ ጠቅጣቂ ነው። ዝምተኛ፣ ጉልበተኛ፣ እጁ የማያርፍ ሰው። አባ ጨምር ስለ አማቻቸው ሲጠየቁ «አሸዋው እንኳ ይፈራዋል» ይላሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ልጅቷ አሁን የመጀመሪያዋን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል።

የሽማግሌው ዓይን ላይ ስስ ነገር መጋረድ ከጀመረ ቆይቷል። ራቅ ያለውን ነገር በእንፋሎት ውስጥ እንዳለ ሆኖ ነው የሚያዩት፤ ፀሐይ ያረፈበት ብረት ደግሞ ጨርሶ ያጥበረብራቸዋል። ከክንዳቸው ርዝመት ወዲህ ያለው ግን አያመልጣቸውም። እንጨት ላይ የተሰመረች የፀጉር ያህል መስመር ቁልጭ ብላ ትታያቸዋለች። ይህንን ለሰው ቢያስረዱም የሚገባው አላገኙም፤ ሰው ሁሉ ዓይን ወይ ያያል ወይ አያይም ብሎ ነው የሚያምነው።

ሁለት የብረት ማስመሪያ አላቸው። አንደኛው እንደ ማንኛውም ማስመሪያ እውነቱን የሚናገር ነው፤ በቆዳ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ዕቃ ወደሚለካበት ሁሉ አብሯቸው ይሄዳል። ሁለተኛውን የወረሱት ሥራውን ካስተማሯቸው አለቃቸው ነው፤ ሰፈርተኛው «ውሸታሙ» ይለዋል። መስመሮቹ ሆን ተብሎ ሰፋ ሰፋ ተደርገው የተቀረጹ ስለሆኑ፣ እሱ አንድ ሜትር ነው ብሎ የሚያሳየው ከእውነተኛው ሜትር በዚያችው በትንሽ ጣት ይበልጣል። አሮጌው ዕቃ በእውነተኛው ይለካል፤ የተገኘው ቁጥር በውሸታሙ እንጨት ላይ ይሰመራል፤ ጭማሪው ያለ ምንም ሒሳብ ራሱ ይገባል። ሁለቱ በመልክ አይለዩም፤ የሚለዩት በቦታቸው ነው። የውሸታሙ ቦታ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ያለው ሚስማር ነው፤ ከዚያ ለሥራ ይወርዳል፣ ሲጨረስ ይመለሳል፣ ከቤት ግን አይወጣም። ልጅቷም ይህን ሕግ ከፊደል በፊት ነው የተማረችው።

አንድ ቀን ከምሽቱ ራት በኋላ አማቻቸው ሳህኑን ገፋ አድርጎ ጉሮሮውን ጠራረገ። ብዙ የማይናገር ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ነገር አለ ማለት ነው።

«አባባ፣ ሩቅ ከተማ ያለ አንድ ትልቅ ፋብሪካ አሸዋ የሚያውቅ ሰው እየቀጠረ ነው። ለባለትዳር አንድ ክፍል ቤት ይሰጣሉ።»

«ጥሩ ነዋ» አሉ አባ ጨምር።

«ክፍሉ ለሚስትና ለልጅ ብቻ ነው። ስለ እርስዎ ለምኜ ነበር፤ ወይ ፍንክች አሉኝ።»

«ማን ጠየቀህ?» አለች ልጅቷ ከተቀመጠችበት። «እኔ አባቴን ለማን ጥዬ ነው የምሄደው?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ዕቃ ነኝ የምጣለው?» አሏት። ሊያስቋት ነበር፤ አልሳቀችም። እውነቱን ለመናገር እሳቸውም የፈሩት ይህንኑ ነበር። ያችን ልጅ በዚያ መጋረጃ ማዶ ስታስል ካልሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። አትሂጂብኝ ብለው እግሯ ላይ ቢወድቁ ደስ ባላቸው፤ ግን ባሏን ደግሞ ያለ ሥራ አስቀምጦ ማየት ነውር መሰላቸው።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ ነው የጡብ ፋብሪካው ሥራ የመጣው። ፋብሪካው ጭቃ የሚጨምቅበት ማሽን ትልቁ ባለጥርስ መንኮራኩር ተሰብሮበታል፤ ተመሳሳይ ማሽን ያላቸው ሌሎች የጡብ ፋብሪካዎችም በዚያው አካባቢ አሉ። ለሁሉም ዕቃ የሚገዛውን ሰው ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ ሲያሠራ የተቀዳ ዕቃ አስታቅፈውታል። አሁን የተመለሰው ባለምድጃው፣ ማለትም እስካሁን የሚነደው ምድጃ ባለቤትና የመንገዱ ተጠሪ፣ ደጅ ስለጠናው ነው።

«አንድ ታመጡልኛላችሁ» አለ ገዢው። «ከገጠመ የሁሉንም ፋብሪካ ሥራ ለሰፈሩ እሰጣለሁ። ካልገጠመ ከውጭ አስመጣለሁ፤ ያኔ በዚህ መንገድ አላልፍም።»

ባለምድጃው በቀጥታ ወደ አባ ጨምር ቤት መጣ። «አባ፣ የዛሬን ብቻ እንደ ድሮው ይቅረጹልን። ስኳሩን ይጨምሩልን» አለ እያፈረ። አማቻቸውም አሸዋውን ከእጁ እያራገፈ፣ «ይኼ ሥራ ከተገኘ እኔም የትም አልሄድም። ቃሌ ነው» አላቸው። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ፊቷ ወዲያው በራ፤ ጉድ ጉድ ማለት ጀመረች።

ያን ዕለት ሥራ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ አጸዳችው። የመስኮቱን ጥላሸት አጠበች፣ ጠረጴዛውን ፈገፈገች፣ ሁለቱን ማስመሪያዎች በነጭ ጋዝ አሽታ መስመሮቻቸው እንደ አዲስ እስኪያበሩ ድረስ ወለወለቻቸው። «አባዬ ቁጥሩን በደንብ እንድታይ ነው» አለቻቸው። አንዱን ወደ ቦርሳው ከተተች፣ አንዱን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች።

በማግስቱ አባትና ልጅ ወደ ፋብሪካው ሄዱ። የተሰበረው መንኮራኩር ለሁለት ተሰንጥቆ ግቢው መሐል ተጋድሟል፤ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ግዙፍ ብረት ነው። ፀሐዩ ላዩ ላይ ስለሚያንጸባርቅ አባ ጨምር ቁጥር ማንበብ አልሆነላቸውም። ልጅቷ ሆዷን ደግፋ ተንበርክካ ለካች፤ እየጮኸች ጠራች፤ እሳቸው ቁጥሩን ጣውላ ላይ በእርሳስ ጻፉ። የጥርሱን ቁመት፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት፣ የእምብርቱን ውፍረት፣ ሁሉንም ደጋግማ ለካች። አንድም ቁጥር አላሳሳተችም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለአባ ጨምር ከብዙ ዓመት ወዲህ ያላዩት ደስታ ነበሩ። ጣውላው እንዳይጣመም ቁርጥራጭ እያደረጉ በሙጫ አጣበቁት፤ ውሸታሙን ከሚስማሩ አውርደው አሰመሩ፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ጠርበው ተከሏቸው። መሮው በእጃቸው ውስጥ እንደ ድሮው ይዘፍን ነበር ቢባል አይጋነንም። የሰፈሩ ሰው ሥራ ፈትቶ በመስኮቱ ይንጠለጠላል። «አባ፣ አሁንስ በዛ፣ የጋሪ ጎማ አደረጉት እኮ!» ይላል አንዱ። «ዝም በል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ እንዳንተ አይደለም፣ ቅጥ ያውቃል» ይሉታል። ልጅቷ ከጎናቸው ቆማ ብርጭቆ ወረቀት ታሻለች። ማታ ማታ አማቻቸውና እሷ ከመጋረጃው ማዶ ስለሚወለደው ልጅ አልጋ ሲያወሩ ይሰማሉ፤ የትኛው ጥግ ይሻላል፣ መስኮቱ ሥር ይበርዳል፣ በሩ አጠገብ ይሻላል። እዚሁ ቤት ውስጥ ስላለ ጥግ ነው የሚያወሩት። አባ ጨምር ብርድ ልብሳቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ለብቻቸው ፈገግ ይሉ ነበር።

ምድጃው ነደደ። ለብዙ ጊዜ ያልታየ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አማቻቸው አሸዋውን የጠቀጠቀው እንደ ጸሎት በጥንቃቄ ነው፤ ሞዴሉን ከአሸዋው ሲያወጣ አንዲት ጥርስ እንኳ አልተፈረፈረችም። ብረቱ ፈሰሰ፣ ሳጥኑ ጢሱን ተነፈሰ፣ ቀዘቀዘ፣ ተከፈተ። የወጣው መንኮራኩር ጥርት ያለ ነበር፤ ስንጥቅ የለው፣ ቀዳዳ የለው። ባለምድጃው በመዶሻ ጫፍ መታ ሲያደርገው እንደ ደወል ጮኸ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። አባ ጨምርም ማንም ሳያያቸው ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

ፋብሪካው ውስጥ ግን አልገጠመም።

ማሽኑ ላይ ሲሰቅሉት ጥርሱ ከትንሹ መንኮራኩር ጥርስ ጋር አልተናከሰም፤ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ገፉት፣ አጠጉት፣ በመዶሻ መቱት፤ ወይ ፍንክች። ገዢው ሜትሩን አውጥቶ አሮጌውንና አዲሱን ለካ። ዙሪያውን ሁሉ አንሷል፤ ጥርሱም፣ እምብርቱም፣ ሁሉም እኩል አንሷል።

«ኮፒ ነው» አለ ገዢው፤ አልጮኸም። «ያውም የኮፒ ኮፒ። ይኼን ያህል የሚያንሰው እሱ ብቻ ነው። አሮጌ ሰው አሳያችሁኝ፣ እንጨት አሳያችሁኝ፣ መልሳችሁ ያንኑ ቅጂ አመጣችሁልኝ።»

 አባ ጨምር፣ በሕይወታቸው አንድም ዕቃ ቀድተው የማያውቁት ሰው፣ ቀጣፊ ሲባሉ ምድር ብትከፈት ገብተው በተደበቁ ነበር። ባለምድጃው ገዢውን እየተከተለ ለመነ። «ሌላ አንድ ዕድል፣ አንድ ብቻ» አለ። ሰውየው መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ቤታቸው ሲገቡ ማንም አልነበረም፤ ልጅቷ ወሬውን ሰምታ ባሏን ፍለጋ ወጥታለች። ሽማግሌው በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። ውሸታሙን ከሚስማሩ አወረዱ፣ ሌላውን ከቦርሳው አወጡ፣ ጎን ለጎን አስተኟቸው። ከሚስማሩ የወረደው አጭሩ ነበር።

ሁለቴ አዩት። አገላብጠው አዩት። ከወለል በታች የሚወርዱ መሰላቸው። ልጅቷ ወልውላ ስትመልሳቸው ተቀያይረውባታል። በውሸታሙ ለካች፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከእውነቱ አንሶ መጣ። እሳቸው ደግሞ ውሸታሙ ነው ብለው በእውነተኛው አሰመሩ፤ ጭማሪው ጨርሶ ቀረ። በዚያ ላይ ብረቱ በበኩሉ ተኮማተረ። ጥፋቱ በሁለት በኩል ገባ። እሳቸውም አላመሳከሩም፤ ዕድሜ ልክ ከአንድ ሚስማር ላይ የሚያነሱትን ዕቃ ማን ያመሳክራል?

መጀመሪያ የመጣላቸው ሐሳብ ስለ ሰፈሩ አልነበረም፤ ስለ ገዢውም አልነበረም። ልጄ ይህን ካወቀች ትሞታለች የሚል ነበር። ዓይናቸው እንዲያይላቸው ብላ፣ በዚያ ሆዷ ተንበርክካ፣ ያንን ሁሉ በፍቅር ወልውላ፣ ሰፈሩን በሙሉ የቀበረችው እሷ መሆኗን ካወቀች እንዴት ትተኛለች? ፈጠን ብለው እውነተኛውን ቦርሳው ውስጥ ከተቱ፤ ውሸታሙን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉ። ከዚያ ወደ ባለምድጃው ግቢ ሄደው፣ በተሰበሰበው ሰው ፊት፣ ልጃቸውና አማቻቸው ባሉበት፣ «ዓይኔ ነው» አሉ። «ቁጥሩ ትክክል ነበር። መስመሩ ተሳከረብኝ፤ ሳሰምር አሳሳትኩ። ልጅቷ ምንም ጥፋት የለባትም፤ ዓይኔ ነው።»

ስድቡን አዘጋጅተው ጠብቀው ነበር። የመጣላቸው ግን አዘኔታ ነው፤ እሱ ደግሞ ከስድብ ይብሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ሲያልፉ ሰው ክንዳቸውን ይዞ ቦይ ያሻግራቸው ጀመር። «ቀስ፣ ቀስ አባ፣ ድንጋይ አለ» ይሏቸዋል፤ ድንጋዩን ራሳቸው እያዩት። ባለምድጃው ምድጃውን አፍርሶ ጡቡን ሸጠ። አግዳሚው ላይ ያሉትን የድሮ ሞዴሎች የሚጠይቅ ሰው አንድም አልመጣም።

ልጅቷ ደግሞ መሮዎቹን ከግድግዳው ላይ ለቅማ በጨርቅ ጠቅልላ ደበቀቻቸው። «እጅህን ትቆርጣለህ አባዬ።» ሻይ ስታቀርብ ጣታቸውን ይዛ እስከ ብርጭቆው ትመራዋለች። «በስተቀኝህ ነው፤ ይፋጃል።» እሳቸውም «እሺ እናቴ» እያሉ ይጠጣሉ። የሠሩት ውሸት ምን ዓይነት ጉድጓድ እንደቆፈረ የገባቸው በሻይ ብርጭቆ ላይ ነው።

አማቻቸው ወደ ሩቁ ፋብሪካ መሄዱ ቁርጥ ሆነ። ልጅቷ ግን ቁርጥ አድርጋ እምቢ አለች። ከመጋረጃው ማዶ የሚሰማው ወሬ ስለ ሕፃን አልጋ መሆኑ ቀርቷል።

«ዕውር ሰው ከምድጃና ከመሮ ጋር ጥዬ እንድሄድ ነው የምትፈልገው?»

«ልጁስ? ልጁ ያለ አባት ይወለድ?»

«ትመጣለህ፤ እረፍት ሲሰጡህ ትመጣለህ።»

«እመጣለሁ» ይላል ሰውየው፤ እሱም እሷም መጋረጃው ማዶ ያሉትም አያምኑትም። ከዚህ መንገድ «እመጣለሁ» ብለው የወጡ ብዙ ናቸው፤ ከመካከላቸው አሁን ድረስ ቤታቸው የሚጠብቃቸው አሉ። አንዳንዶቹ ሌላ ቤት ሠርተዋል፣ አንዳንዶቹ ስልካቸው አይነሳም።

አባ ጨምር ልጄ ትቅርልኝ ብለው በልባቸው መለመናቸው እውነት ነው። እንዲህ አድርጋ ትቅርልኝ ግን አላሉም። ቢነግሯት፣ ሰፈሩን የጣለችው እሷ መሆኗን ይዛ ትኖራለች። ባይነግሯት፣ ትዳሯ በእሳቸው ደኅና ዓይን ምክንያት ይፈርሳል። ቀኑ እስኪቀርብ ድረስ አመነቱ። በመጨረሻ ጸጸትን ሰው ይለምደዋል፣ ባል ግን አንዴ ከሄደ ሄደ ብለው ወሰኑ።

አማቻቸው የሚሄድበት ጠዋት ጭነት መኪና መንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሰውየው ሻንጣውን አውጥቶ፣ ጉልበታቸውን ስሞ፣ «አባባ፣ ደኅና ይሁኑ» ብሏቸው ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ልጅቷ ልትከተለው ስትል ጠሯት።

«እናቴ፣ ነይ እስቲ። ዓይኔ ደኅና ነው።»

«እሺ አባዬ።»

«እሺ አትበይኝ፤ ስሚኝ። እዚህ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ስንጥቅ አለች፤ ቀጭን፣ እዚህ ጋ ተጀምራ እዚህ ጋ የምታልቅ። ይኸው አየኋት።»

«ጠረጴዛህን በቃልህ ታውቀዋለህ አባዬ። ዕድሜህን ሙሉ ስትዳብሰው የኖርከው ነው።» ወደ በሩ ዞር አለች። የመኪናው ሞተር ተነሥቷል።

«ቆይ! ቀሚስሽ ላይ ከታች በኩል የተተረተረ ክር አለ።»

«ትናንት እኔው ነኝ የነገርኩህ።»

እውነቷን ነው፤ ነግራቸዋለች። 

«ዓይንህ ደኅና ከሆነ» አለች ዝግ ብላ፣ «ታዲያ ጥርሱ እንዴት አነሰ?»

የመጣው መጣ ብለው ነገሯት። «ማስመሪያዎቹ ተቀያይረው ነበር። ወልውለሽ ስትመልሻቸው ውሸታሙን ቦርሳው ውስጥ ከተትሽው። የለካሽው በእሱ ነው። ጥፋት አይደለም፤ መዘናጋት ነው፤ ማንም ይዘናጋል። እኔም ማመሳከር ነበረብኝ።»

 ልጅቷ ወደ ግድግዳው ሄዳ ማስመሪያውን ከሚስማሩ አወረደች፤ ሌላውን ከቦርሳው አወጣች፤ ፊት ለፊታቸው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኛቻቸው። እጃቸውንም ይዛ ጫፎቹን አስነካቻቸው።

«ይኸው፣ ዳብሰው። ከሚስማሩ የወረደው ረጅሙ ነው። በየቦታቸው ናቸው አባዬ።»

«እኔ ነኝ የመለስኳቸው።»

«መቼ?»

«የዚያኑ ዕለት። እናንተ ሳትመጡ።»

«ለምን?»

«እንዳታውቂ ብዬ።»

«አሁንስ ለምን ነገርከኝ?»

«እንድትሄጂ ብዬ ነዋ፣ ልጄ!»

 ልጅቷ ግን የሰማችው ሌላ ነገር ነበር። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እንድሄድልህ ብለህ» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ሰው ላይ አሳብበህ የማታውቅ ሰውዬ፣ ዛሬ እኔን እንድሄድልህ ብለህ በእኔ ላይ አሳበብክ? እንዲህ ሆንክ አባዬ?»

«ልጄ፣ በፈጣሪ—»

«ይበቃል። አትድከም።» ግንባራቸውን ሳመችና ወጣች።

የቆርቆሮ ግድግዳ ድምፅ አይከለክልም። ከደጅ ለባሏ የምትለውን ሁሉ ሰሟት። «አልችልም። ዓይኑ ብቻ አይደለም፤ ቀልቡም እየሸሸ ነው። ያልሆነ ነገር ማውራት ጀምሯል። እንዲህ ሆኖ እንዴት ብዬ ልተወው?» ባሏ የመለሰው አልተሰማም። ሰው ማልቀሱን ግን ሰሙ፤ የማን እንደሆነ አልለዩም። ከዚያ የመኪናው በር ተዘጋ፤ ጎማው ጠጠሩን እየፈጨ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ፤ ድምፁም ራቀ።

አባ ጨምር እመር ብለው ተነሡ። በሩ ላይ ደርሰው ሊጮኹ፣ መኪናውን ሊያስቆሙ ነበር። ግን ጮኸው ምን ሊሉ ነው? እውነቱን አሁን ተናግረውት የለ? ከዚያ የተሻለ እውነት ከየት ያመጣሉ?

ልጅቷ ተመልሳ ገባች። ፊቷን በቀሚሷ ጠርጋለች። ቆመው ስታገኛቸው ደንግጣ ሮጠችና ክንዳቸውን ያዘች።

«ወዴት ነው? ትወድቃለህ እኮ! ና፣ ወንበርህ እዚህ ጋ ነው። አንድ እርምጃ፣ አሁን ደግሞ ትንሽ ወደ ግራ፤ እግርህን አንሣ፣ ጣውላ አለ።»

አባ ጨምር ጣውላውን አዩት፤ ወንበሩንም፣ ያበጠውን እግሯንም፣ ጉንጯ ላይ የቀረችውን የእንባ ጠብታም አዩ። እግራቸውን አነሡና፣ እሷ እንደምትመራቸው ወደ ግራ ዞር ብለው ተቀመጡ።